የቤት መኪና ባትሪ ለምን ቶሎ ይደክማል? ችግሩን በመለካት የመለየት ትምህርት

ሞቃታማው ወራት ሲመጣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ አልጋ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ያላቸው ተሽከርካሪዎች ይበዛሉ። በአውሮፓ «ሞተርሆም» ወይም «ካምፐር»፣ በአሜሪካ ደግሞ «አር ቪ» ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ «ቤት መኪና» እንላቸዋለን። ለሽርሽር ብቻ የተገዙ እንዳሉ ሁሉ፣ የቤት ኪራይ የከበደባቸው ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባቸውም አሉ። የሁሉም ምሰሶ ግን አንድ ነው፤ ከወንበር ሥር ወይም ከወለል በታች የተቀመጠው ባትሪ።

ይህ ባትሪ ሲደክም መጀመሪያ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ቀጥሎ የውሃው ፓምፕ ያቃስታል፤ ከዚያም ሌሊት ላይ የማሞቂያው ማራገቢያ ይቆማል። ውጭው ከዜሮ በታች በሆነበት ሌሊት፣ ሕፃናት ተኝተው ሳለ የማሞቂያው መቆም የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወሉም በዚሁ ባትሪ የሚሠራ ከሆነ እርሱም ዝም ይላል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ አዲስ ባትሪ መግዛት ነው። አዲሱ ባትሪ ለጥቂት ሳምንታት በደኅና ሠርቶ እንደ ቀድሞው ይደክማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ባትሪው ችግሩ የታየበት ቦታ እንጂ ሁልጊዜ ችግሩ የተፈጠረበት ቦታ አይደለም። ኃይል ወደ ባትሪው በሽቦ፣ በፊውዝና በቻርጀር በኩል ይገባል፤ በሌሎች ሽቦዎችና ዕቃዎች በኩል ደግሞ ይወጣል። ከእነዚህ አንዱ ሲታመም ባትሪው ይከሰሳል። የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ አንባቢ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ጥፋተኛውን በመለኪያ እንዲለይ ማስቻል ነው።

ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ሥራ

አብዛኛው ቤት መኪና ቢያንስ ሁለት ባትሪዎች አሉት። አንደኛው እንደ ማንኛውም መኪና ሞተር የሚያስነሳው ነው። ለጥቂት ሴኮንዶች በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ለሞተሪኖው ይሰጥና ወዲያው በዲናሞው ይሞላል። ሁለተኛው የቤቱ ባትሪ ነው። የእርሱ ሥራ አነስተኛ ኃይል ለረጅም ሰዓት መስጠት ነው፤ ስለዚህም በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ወፍራም ሆነው ይሠራሉ። የሞተር ማስነሻ ባትሪን በቤት ባትሪ ቦታ ማስገባት ርካሽ መስሎ ቢታይም፣ ቀጫጭኖቹ ሰሌዳዎች ደጋግሞ መራቆትን ስለማይችሉ በአጭር ጊዜ ይበላሻሉ።

የእርሳስና አሲድ ባትሪን ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ሠራው። መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በ«12 ቮልት» ባትሪ ውስጥ በተከታታይ የታሰሩ 6 ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል በሞላ ጊዜ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ በሰሌዳዎቹ ላይ እርሳስ ሰልፌት የሚባል ውህድ ይጋገራል፤ ሲሞላ ውህዱ ይሟሟና ሰሌዳዎቹ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሳሉ። ባትሪው ሳይሞላ ለሳምንታት ከተቀመጠ ግን ሰልፌቱ ወደ ጠንካራ ክሪስታልነት ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ በቻርጅ አይመለስም። ባትሪን ያለ ዕድሜው ከሚያስረጁት ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው።

የባትሪ መጠን የሚለካው በአምፔር-ሰዓት ነው። 100 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ በንድፈ ሐሳብ 5 አምፔር ለ20 ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የእርሳስ ባትሪን ከግማሽ በታች ደጋግሞ ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር፣ በተግባር ልንተማመንበት የሚገባው ግማሹን፣ ማለትም 50 አምፔር-ሰዓት ያህሉን ነው። ይህን ቁጥር እንያዘው፤ ለሚቀጥለው ክፍል ያስፈልገናል።

መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ

አንዳንድ ጊዜ የተበላሸ ነገር ጨርሶ የለም፤ ወጪው ከገቢው መብለጡ ብቻ ነው ችግሩ። ስለዚህ መለኪያ ከማንሳታችን በፊት የአንድ ቀን ፍጆታ እናስላ። እያንዳንዱ ዕቃ የሚወስደውን አምፔር በሚሠራበት ሰዓት ማባዛት ነው። በ12 ቮልት ለሚሠራ አንድ መካከለኛ ቤት መኪና የሚከተለው ምሳሌ ይሆናል።

– 4 የኤልኢዲ መብራቶች፣ እያንዳንዳቸው 0.3 አምፔር፣ ለ4 ሰዓት፦ 4.8 አምፔር-ሰዓት
– የውሃ ፓምፕ፣ 6 አምፔር፣ በድምሩ ለ15 ደቂቃ፦ 1.5 አምፔር-ሰዓት
– ባለ ኮምፕሬሰር ማቀዝቀዣ፣ 4.5 አምፔር፣ ሞተሩ በሚሠራባቸው 8 ሰዓታት፦ 36 አምፔር-ሰዓት
– የማሞቂያ ማራገቢያ፣ 1.5 አምፔር፣ ለ8 ሰዓት፦ 12 አምፔር-ሰዓት
– ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጅ፣ 4 አምፔር፣ ለ2 ሰዓት፦ 8 አምፔር-ሰዓት

ድምሩ 62.3 አምፔር-ሰዓት ነው። ከ100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ የምንጠቀመው ግን 50 ያህል ነው ብለናል። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ ፀሐይ ወይም ሌላ የኃይል ምንጭ ከሌለው፣ ባትሪው ፍጹም ጤነኛ ቢሆን እንኳ አንድ ሙሉ ቀን አያደርሰውም። እዚህ ላይ አዲስ ባትሪ መግዛት ያለውን ችግር በአዲስ ዋጋ መድገም ነው።

ከፍተኛ ሙቀት የሚያመነጩ ዕቃዎች ሲጨመሩ ሒሳቡ ይከፋል። በኢንቨርተር አማካይነት 1000 ዋት በሚወስድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ቡና ቆልተን በጀበና ብናፈላና ሥራው ግማሽ ሰዓት ቢወስድ፣ የኢንቨርተሩን ብክነት ጨምሮ 46 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይሄዳል። አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት የባትሪውን የቀን ድርሻ ከሞላ ጎደል ጨረሰው ማለት ነው። በዚያ ላይ የእርሳስ ባትሪ ኃይሉን በፍጥነት ሲጠየቅ ከተጻፈበት መጠን ያነሰ ይሰጣል። ይህን ባሕርይ ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ፖይከርት እ.ኤ.አ. በ1897 በቀመር አስቀምጦታል። 3500 ዋት ገደማ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከባትሪው ከ300 አምፔር በላይ ስለሚጠይቅ፣ ለተራ ቤት መኪና የማይታሰብ ነው። ቡናውም እንጀራውም በጋዝ ወይም የካምፑ ኤሌክትሪክ በሚገኝበት ቦታ ቢሠሩ ይመረጣል።

ቴስተሩ ምን ይላል?

ሒሳቡ ልክ ሆኖ ሳለ ባትሪው የሚከዳ ከሆነ ወደ መለካት እንለፍ። የሚያስፈልገው በማንኛውም የዕቃ መደብር በርካሽ የሚገኝ ዲጂታል ቴስተር ነው። መራጩን በቀጥተኛ ኃይል ቮልት ላይ አድርገው ቀዩን ጫፍ በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቭ የባትሪው ራስ ላይ ያሳርፉ። ከተሽከርካሪው ሰሌዳ ላይ የሚነበበው ቁጥር በረጅም ሽቦ የመጣ በመሆኑ ለምርመራ አይበቃም፤ ልኬቱ ከባትሪው ራስ መወሰድ አለበት።

ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው ባትሪው ባረፈበት ጊዜ ነው። ቻርጅ እንደቆመ የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው ከፍ ይላል፤ ዕቃ እየሠራ የሚነበበው ደግሞ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሞተሩን፣ ቻርጀሩንና የፀሐይ ሰሌዳውን አቋርጠው፣ ዕቃዎቹንም አጥፍተው ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ያሳርፉት። ላረፈ የእርሳስ ባትሪ ቁጥሮቹ በግምት የሚከተለውን ያመለክታሉ።

– 12.7 ቮልትና ከዚያ በላይ፦ ሙሉ
– 12.4 ቮልት፦ ሦስት አራተኛ
– 12.2 ቮልት፦ ግማሽ
– 12.0 ቮልት፦ ሩብ
– 11.8 ቮልትና ከዚያ በታች፦ ባዶ

የቁጥሮቹን መቀራረብ ልብ ይሏል። በሙሉና በግማሽ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ቮልት ብቻ ነው። «12 ቮልት አለው፣ ደኅና ነው» የሚለው አነጋገር የተሳሳተ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ 12.0 የሚያሳይ «12 ቮልት» ባትሪ ሊያልቅ የተቃረበ ነው። በደንብ ከተሞላ በኋላም 10.5 አካባቢ የሚቆም ባትሪ ካጋጠመ፣ ከ6ቱ ክፍሎች አንዱ የሞተ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው፤ ከ12.6 ላይ የአንድ ክፍል 2.1 ሲቀነስ የሚቀረው በትክክል ያ ነውና።

ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ባትሪዎች ካሉ ሁለቱን አለያይቶ እያንዳንዱን ለብቻ መለካት ያስፈልጋል። አብረው ታስረው ሳለ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቮልት ስለሚያሳዩ በሽተኛው በጤነኛው ጀርባ ይደበቃል፤ ሌሊቱን ሙሉም ጤነኛው ለበሽተኛው ሲገብር ያድራል።

ቮልቱ ሙሉ መሆኑ ግን ባትሪው ብዙ ይይዛል ማለት አይደለም። ያረጀ ባትሪ አፏ ድረስ ሞልታ ግማሿ ግን በደለል እንደተያዘ ገንዳ ነው። የቀረውን አቅም ለማወቅ፣ ሙሉ ከሆነና ካረፈ በኋላ የታወቀ ጭነት፣ ለምሳሌ 5 አምፔር የሚወስዱ መብራቶችን ያብሩና ሰዓት ይያዙ። ከ4 ሰዓት በኋላ አጥፍተው ሲያሳርፉት 12.2 ካነበበ፣ 20 አምፔር-ሰዓት ብቻ ሰጥቶ ግማሽ ደርሷል፤ ስለዚህ ጠቅላላ አቅሙ ወደ 40 ወርዷል ማለት ነው። በላዩ ላይ 100 ተጽፎበት ከሆነ በእርግጥም ጊዜው አልፏል። ባትሪ የሚቀየረው እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲገኝ ነው።

ሦስቱ የመሙያ በሮች

ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ «በቂ ኃይል እየገባለት ነው ወይ?» የሚል ይሆናል። ኃይል የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዱም ለብቻው ይፈተሻል። የፍተሻው ሥርዓት ለሦስቱም አንድ ነው፦ ምንጩ ከመከፈቱ በፊት የባትሪውን ቮልት መዝግቡ፣ ምንጩን ክፈቱ፣ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ በሩ ተዘግቷል።

የመጀመሪያው በር ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲነሳ አንድ ሪሌ ሁለቱን ባትሪዎች ያገናኝና ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል። በዚህ ጊዜ በቤቱ ባትሪ ላይ ያለው ቮልት እየጨመረ ከ13.8 እስከ 14.4 ወዳለው መጠን ማምራት ይገባዋል። የሞተሩ ባትሪ 14.2 እያሳየ የቤቱ ባትሪ በነበረበት 12.3 ላይ ከቀረ፣ ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ባለው ፊውዝ፣ ሪሌ ወይም ሽቦ ላይ ነው። በአዳዲስ ተሽከርካሪዎች ላይ ግን ሌላ ሁኔታ አለ። ዩሮ 6 የተባለውን የአውሮፓ የልቀት ደንብ ለማሟላት ከተሠሩት ብዙዎቹ፣ የሞተሩ ባትሪ ሲሞላ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ የዲናሞውን ቮልት በኮምፒዩተር ዝቅ ያደርጋሉ። ለሞተሩ ባትሪ በቂ የሆነው ዝቅተኛ ቮልት የቤቱን ባትሪ አይሞላም። መፍትሔው ዝቅተኛውን ቮልት ተቀብሎ ከፍ የሚያደርግ፣ ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር በሪሌው ቦታ ማስገባት ነው።

ሁለተኛው በር የካምፑ ኤሌክትሪክ ነው። ገመዱ ሲሰካ ቻርጀሩ በመጀመሪያ ቮልቱን እስከ 14.4 ገደማ ያደርሳል፤ ባትሪው ሲሞላ ወደ 13.6 አካባቢ ዝቅ ብሎ ይጠብቀዋል። ቻርጀሩ በስህተት ለሌላ ዓይነት ባትሪ ተስተካክሎ ከሆነ ወይ አያጠግበውም፣ ወይ ያቃጥለዋል። ፈሳሽ አሲድ፣ ጄል፣ ኤጂኤም ወይም ሊቲየም መሆኑን ከባትሪው ላይ አንብቦ ከቻርጀሩ መምረጫ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ሦስተኛው በር ፀሐይ ነው። 100 ዋት የተጻፈበት ሰሌዳ ቀኑን ሙሉ 100 ዋት አይሰጥም። ጥሩ ፀሐይ ባለበት የበጋ ቀን ከ25 እስከ 30 አምፔር-ሰዓት ቢያስገባ መልካም ነው፤ በሰሜን አውሮፓ ክረምት ግን ከዚህ እጅግ ያንሳል። የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የአንቴና ጥላ የሰሌዳውን አንድ ጥግ ብቻ ቢሸፍን፣ ክፍሎቹ በተከታታይ የታሰሩ በመሆናቸው ብክነቱ ከተሸፈነው ስፋት በጣም ይበልጣል። ከአቧራና ከጥላ ነፃ የሆነ ባለ 12 ቮልት ሰሌዳ ከመቆጣጠሪያው ተነቅሎ በፀሐይ ላይ ሲለካ 20 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ይህን ካሳየ በኋላ ባትሪው ዘንድ ምንም የማይደርስ ከሆነ መቆጣጠሪያውን ወይም ፊውዙን ይጠርጥሩ። መልሰው ሲያገናኙ በቅድሚያ ባትሪውን፣ ከዚያ ሰሌዳውን ከመቆጣጠሪያው ጋር ማያያዝ እንዳይዘነጋ።

የተሰወረው ሌባ፦ ልል ማያያዣ

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ እንደሚለው፣ በአንድ ሽቦ ላይ የሚጠፋው ቮልት ከሚያልፈው አምፔርና ከሽቦው ተቃውሞ ብዜት ጋር እኩል ነው። 20 አምፔር 0.05 ኦም ተቃውሞ ባለው ልል ማያያዣ ውስጥ ሲያልፍ 1 ሙሉ ቮልት ይጠፋል። ከ14.2 ላይ 1 ቮልት ከጠፋ ለባትሪው የሚቀረው 13.2 ነው፤ በዚህ ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ለሙሉ አይሞላም። የጠፋው 20 ዋት ደግሞ የትም አልሄደም፤ በማያያዣው ላይ ሙቀት ሆኗል። እንዲህ ያለ ቦታ ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ይህን ሌባ ለመያዝ ልዩ ዘዴ አለ። ኃይል እያለፈ ሳለ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በአንዱ ማያያዣ ወዲህና ወዲያ ያሳርፉ። ጤነኛ ማያያዣ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ያሳያል፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መፈታት፣ መጽዳትና መጥበቅ አለበት። ኔጌቲቩ ከመኪናው ብረት አካል ጋር የታሰረበት ቦታ ለዝገት የተጋለጠ በመሆኑ እርሱን መዝለል አይገባም። ፍተሻው ኃይል በሚያልፍበት ጊዜ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ምንም ካላለፈ ምንም አይጠፋም፣ በሽታውም አይታይም።

አንድ ምሳሌ ከመነሻው እስከ መፍትሔው

የተማርነውን በአንድ ምሳሌ እናያይዘው። አንድ ቤተሰብ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አዲስ ባትሪ ገዝቷል እንበል። ቀን ቀን ለሰዓታት ይነዳል፤ ሌሊት ግን መብራቱ ይደበዝዛል።

ጠዋት ላይ ያረፈው ባትሪ 12.2 አነበበ፤ ግማሽ ነው። የካምፑ ኤሌክትሪክ ሌሊቱን ተሰክቶ ካደረና ተነቅሎ ካረፈ በኋላ 12.7 ሆነ። ስለዚህ ባትሪው ኃይል ይቀበላል፤ የካምፑም ቻርጀር ይሠራል። በሚቀጥለው ቀን ባትሪው እንደገና 12.2 ላይ ሳለ ሞተሩ ተነሣ። የሞተሩ ባትሪ 14.2 ሲያሳይ የቤቱ ባትሪ 12.4 ብቻ አሳየ። ዲናሞው ደኅና ነው፤ መንገዱ ግን ታሟል። በመካከል ያለው ፊውዝ በዓይን ሲታይ አልተቃጠለም፤ ተነቅሎ በቴስተሩ ድምፅ ሲፈተሽም ይጮኻል። ተመልሶ ገብቶ ኃይል እያለፈ ሳለ ከፊውዙ መያዣ ወዲህና ወዲያ ሲለካ ግን 1.7 ቮልት ተገኘ። መያዣው ሲፈታ መዳቡ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኗል።

መያዣው ተቀየረ። ሞተሩ እንደገና ሲነሣ የቤቱ ባትሪ ቮልት ወዲያው ከ13 አልፎ መውጣት ጀመረ። ሁለቱን ባትሪዎች የገደላቸው ጥራታቸው አልነበረም፤ ለወራት ሳይጠግቡ መክረማቸውና ሰልፌቱ በሰሌዳዎቻቸው ላይ መጠንከሩ ነው። የችግሩ ምንጭ አንድ የዛገ የፊውዝ መያዣ ነበር።

ቆሞ ሳለ የሚያልቅ ባትሪ

ቤት መኪናው ለሳምንታት ቆሞ ሲመለሱ ባትሪው ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ እያለ የሚወስድ ዕቃ አለ ማለት ነው። የማንቂያ ደወል፣ ሬዲዮ፣ መቆጣጠሪያ ሰሌዳና ተዘንግቶ የቀረ ኢንቨርተር የተለመዱት ናቸው። 0.2 አምፔር ኢምንት ይመስላል፤ በቀን ግን 4.8 አምፔር-ሰዓት ነው። ከ100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን በ10 ቀን ገደማ ይጨርሰዋል።

ይህን ለማግኘት በሽቦ ዙሪያ ተቆልፎ ቀጥተኛ ኃይልን የሚለካ ባለ መቆንጠጫ አምፔር መለኪያ ከሁሉ ይሻላል። ሽቦ ሳይፈታ ስንት አምፔር እንደሚወጣ ያሳያል። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩን መመልከት ነው። አንዱ ሲነቀል ቁጥሩ ድንገት ከወረደ፣ ሌባው በዚያ ፊውዝ መስመር ላይ ነው። ተራ ቴስተርን በአምፔር መስመር የሚጠቀሙ ከሆነ አብዛኛው ከ10 አምፔር በላይ ስለማይችል፣ በፍተሻው ወቅት ሞተር ማስነሳትም ሆነ ኢንቨርተር መክፈት አይገባም።

ሊቲየም ሲሆን ደንቡ ይለወጣል

ዛሬ በብዙ ቤት መኪናዎች ውስጥ የሚገባው ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። ይህን ቁስ ለባትሪ ካስተዋወቁት ተመራማሪዎች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የተጋሩት ጆን ጉድኢነፍ ይገኙበታል። ባትሪው ቀላል ነው፤ ከተጻፈበት አቅም አብዛኛውን ሳይጎዳ ይሰጣል።

ምርመራው ግን ይለያል። ከላይ ያሰፈርነው የቮልት ሠንጠረዥ ለሊቲየም አይሠራም። ቮልቱ ከሞላ ጎደል እስኪያልቅ ድረስ 13 አካባቢ ስለሚቆይ፣ የቀረውን መጠን በትክክል የሚናገረው የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ነው። በተጨማሪም በውስጡ ያለው ጠባቂ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ባትሪው ሲያልቅ ወይም ሲግል በሩን ይዘጋል፤ ቴስተሩም ዜሮ የቀረበ ቁጥር ያነብባል። ይህ ሞት ላይሆን ይችላል፤ ተስማሚ ቻርጀር ሲገናኘው ብዙ ጊዜ ይነቃል። ሊቲየምን ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሙላት ስለሚጎዳው ጥሩ ጠባቂ ይከለክለዋል። በቀዝቃዛ ጠዋት «አልሞላ አለ» የሚባለው ባትሪ አንዳንዴ ራሱን እየጠበቀ ነው።

ከመንካት በፊት

12 ቮልት ሰውን በቀጥታ ባይገድልም፣ ከባትሪ የሚወጣው አምፔር ቀለበትን በቅጽበት ሊያግል፣ ቁልፍንም ሊያቀልጥ ይችላል። ስለዚህ ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ። ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቩ ይፈታል፤ ሲታሰር መጨረሻ ኔጌቲቩ ይታሰራል። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ሊያወጣ ይችላል፤ ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ይቀጣጠላል። በመሆኑም በባትሪ አጠገብ ሲጋራም ሆነ ሻማ አይፈቀድም፤ የአየር መውጫውም አይደፈንም። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሸተተ ወይም ባትሪው ከጋለና ካበጠ ሰዎቹ ወጥተው፣ በሩ ተከፍቶ፣ ቻርጁ ከውጭ ይቋረጥ። የተቃጠለ ፊውዝ በበለጠ አምፔር አይተካም፤ ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና። በአውሮፓ 230፣ በአሜሪካ 120 ቮልት የሆነው የካምፑ መስመር ግን የፈቃድ ባለሙያ ሥራ ነው።

ቅደም ተከተሉ በአጭሩ

1. የቀኑን ፍጆታ አስላ፤ ከባትሪው ግማሽ አቅም ጋር አነጻጽር።
2. ባትሪውን አሳርፈህ ለካ፤ ብዙ ከሆኑ ለያይተህ ለካ።
3. ሙላና በታወቀ ጭነት አቅሙን ፈትሽ።
4. ሞተሩን፣ የካምፑን ኤሌክትሪክና ፀሐይን አንድ በአንድ ፈትሽ።
5. ኃይል እያለፈ ማያያዣዎቹን ለካ።
6. ሁሉም ጠፍቶ የሚወጣውን አምፔር ለካ።
7. ባትሪ የሚቀየረው እነዚህ ሁሉ ካለፉ በኋላ ነው።

ይህ ዕውቀት በቤት መኪና ብቻ አይወሰንም። በኢትዮጵያ መብራት ሲጠፋ በባትሪና በኢንቨርተር፣ ወይም በጣራ ላይ ባለ የፀሐይ ሰሌዳ የሚጠቀም ቤተሰብ የሚገጥመው ችግር በመሠረቱ ያው ነው። ከውጭ ሆነው ለወላጆቻቸው እንዲህ ያለ መሣሪያ የላኩ አንባቢዎች «ባትሪው ሞተ» የሚል ስልክ ሲደርሳቸው ገንዘብ ከመላካቸው አስቀድሞ በአቅራቢያ ያለ ሰው ጠዋት ላይ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ ከባትሪው ራስ ቮልቱን እንዲለካና ቁጥሩን እንዲነግራቸው ይጠይቁ። ቀጥሎም የማያያዣዎቹ መጥበቅና የሰሌዳው ንጽሕና ይታይ። ከባትሪው አጠገብ አንድ ትንሽ ደብተር ተቀምጦ ቀኑና ቮልቱ በየወሩ ቢመዘገብ ደግሞ፣ ባትሪው ከመክዳቱ ብዙ አስቀድሞ ድካሙ በቁጥሮቹ ውስጥ ይነበባል።